በልጁ እርምጃ፦ ኦቲዝም ካለበት ሕፃን ጋር መጽሐፍ ስለ ማንበብ

ለግልና ለቡድን ጥናት የተዘጋጀ

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ዘፍጥረት 33፥12–14፤ ማርቆስ 7፥31–37፤ ዮሐንስ 9፥1–3



በየዕትሙ ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ ዘር እህል፣ ስለ ክትባትና ስለ መሠረተ ትምህርት ስንጽፍላችሁ ቆይተናል። ዛሬ የምናጠናው ጉዳይ ከእነዚህ አጠገብ ሲቆም ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም አንዲት እናት ወይም አንድ አባት ከትንሽ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ አብረው ማየታቸው ነው። ነገር ግን ልጁ በስሙ ሲጠሩት ዞር የማይል፣ ሰውን ዐይን ለዐይን የማያይ፣ ሦስትና አራት ዓመት ሞልቶት «እማዬ» ብሎ ያልተጣራ ከሆነ፣ ይህ ነገር ትልቅ ይሆናል። ብዙ ወላጆች፣ «አይሰማም፤ አይገባውም፤ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል?» ብለው ይተዉታል። ቤት ለቤት በምናደርገው ጉብኝት ከጓዳ የተሸሸጉ ልጆችን አይተናል፤ ወላጅ በየቀኑ አጠገባቸው የሚቀመጥላቸውንም ልጆች አይተናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ትምህርት እንድናዘጋጅ ግድ ብሎናል። ትምህርቱ እንዲህ ያለ ልጅ በቤታቸው ላላቸው ወላጆች፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎችና እነርሱን ለመርዳት ለምትተጉ ለእናንተ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይና ከሰውዬው ጋር ዕድሜውን ሁሉ የሚኖር ሁኔታ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ምልክቶቹ በሁለት ወገን ይታያሉ። አንደኛው ከሰው ጋር በመግባባት በኩል ነው፤ ልጁ አይናገር ወይም ዘግይቶ ይናገር ይሆናል፤ የሚፈልገውን በጣቱ በማመልከት ፈንታ የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ዕቃው ይወስዳል፤ ከእኩዮቹ ጋር መጫወት ያስቸግረዋል። ሁለተኛው በጠባዩ በኩል ነው፤ አንድን ነገር ደጋግሞ ያደርጋል፤ ቆርኪ ያሽከረክራል፣ ዕቃ በተርታ ይደረድራል፣ እጁን ያርገበግባል፤ የለመደው ነገር ሲለወጥበት እጅግ ይጨነቃል። ድምፅ፣ ብርሃን ወይም የልብስ ሸካራነት እኛ ከምንገምተው በላይ ሊያስቸግረው ይችላል። አንዱ ልጅ ምንም ሳይናገር ያድጋል፤ ሌላው አፉን ከፈታ በኋላ ብዙ ያወራል፤ ሁለቱም ኦቲዝም ያለባቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህን ሁኔታ በ1943 የ11 ልጆችን ታሪክ መዝግቦ የገለጠው በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ ይሠራ የነበረው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሊዮ ካነር ነው። ዛሬ ኦቲዝም በየአገሩና በየነገዱ እንደሚገኝ ይታወቃል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ እርሳቸው ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የሆኑ፣ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በማቋቋማቸው ጉዳዩ ከጓዳ ወደ አደባባይ ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንስጥ። በስሙ ሲጠሩት የማይመልስ ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም፤ ጆሮው የማይሰማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው ወላጆች ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ወስደው ጆሮውንና ዕድገቱን ያስመርምሩ። መጽሐፍ አብሮ ማየቱ ግን የሐኪም ቀጠሮ እስኪደርስ የሚዘገይበት ምክንያት የለም፤ ለማንኛውም ልጅ ይጠቅማልና።

2. «ማን በደለ?» የሚለው ጥያቄ

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እንደምናነበው፣ ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ የጠየቁት ኃጢአት የሠራው ማን እንደሆነ ነው፤ እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ? ጌታችንም ሁለቱንም ነጻ አወጣቸው። ይህ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ በየደጃችን ይጠየቃል። «እርጉዝ ሆና ምን አድርጋ ነው?» ይባላል። «የዘር እርግማን ነው» ይባላል። አንዳንድ ጊዜም ልጁ ርኩስ መንፈስ እንዳለበት ተቆጥሮ በጉባኤ ፊት ይጮኹበታል፤ ድምፅ የሚያስጨንቀው ሕፃን በዚያ ጩኸት መካከል ምን ያህል እንደሚሠቃይ ማን አስተዋለ?

በዚህ ነገር የተማሩትም ሰዎች ስተዋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ አዋቂዎች የኦቲዝም ምክንያት የእናት ፍቅር መቀዝቀዝ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ስንት እናት በዚህ ምክንያት አለቀሰች! በ1964 በርናርድ ሪምላንድ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ፣ እርሱም ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር፣ ምክንያቱ በሰውነት አፈጣጠር ውስጥ እንጂ በእናት ጠባይ እንዳልሆነ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። በ1977 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በመንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አመለከተ።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ራሷን የምትከስስ እናት ከልጇ ጋር በደስታ መቀመጥ አትችልም። ልጁ መጽሐፉን ገፍቶ ሲሄድ «ጠላኝ» ብላ ታስባለች። እንግዲህ መጽሐፉን ከመክፈታችን በፊት ይህን ሸክም ከትከሻዋ ማውረድ ይገባናል። እኅታችን ሆይ፣ ይህን ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም። ልጅሽም አልጠላሽም፤ ወደ አንቺ የሚመጣበት መንገድ ከሌሎች ልጆች መንገድ ስለ ተለየ ነው።

3. መጽሐፍ ለምን?

ሕፃን ቃል የሚማረው እንዴት እንደሆነ እናስብ። ዶሮ በደጅ ስታልፍ አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ በጣቱ ያመለክታል፤ ወዲያው መለስ ብሎ እናቱን ያያል። እናቱም «ዶሮ! አየሃት?» ትለዋለች። ሁለቱ አንድ ነገር አብረው አዩ፤ ቃሉም በዚያ ነገር ላይ ዐረፈ። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ እናትም እያስተማረች መሆኗን አታውቀውም።

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ግን ይህን አብሮ ማየት ዘግይቶ ይጀምረዋል፤ ወይም ከስንት አንዴ ያደርገዋል። እናት «ዶሮ» ስትል እርሱ የሚያየው የበሩን ማጠፊያ ነው። ቃሉ ከዶሮዋ ጋር ሳይገናኝ በአየር ላይ ያልፋል። ዶሮዋም ሄዳለች።

የመጽሐፍ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። በወረቀት ላይ ያለች ዶሮ አትሄድም። ልጁ አይቷት እስኪጠግብ ትጠብቀዋለች፤ ነገም በዚያው ገጽ ላይ ትገኛለች። ለውጥ ለሚያስጨንቀው ልጅ ይህ ዕረፍት ነው። ደግሞም መጽሐፍ ሲታይ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ገጹ ያደርጋሉ፤ ልጁ የሰው ዐይን እንዲያይ አይገደድም። የሰው ፊት በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ንግግርም እንደ ነፋስ ያልፋል፤ ሥዕል ግን ባለበት ይቆያል።

በ1988 ግሮቨር ዋይትኸርስት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥናት አወጣ። ወላጆች ለትንንሽ ልጆቻቸው ማንበብን ትተው ከልጆቻቸው ጋር ስለ ሥዕሉ እንዲነጋገሩ አስተማሩአቸው፤ ይኸውም ልጁን እንዲጠይቁ፣ መልሱን እንዲቀበሉ፣ በመልሱ ላይ ጥቂት እንዲጨምሩ ነው። ከአንድ ወር በኋላ እነዚህ ልጆች እንደ ተለመደው ብቻ ከተነበበላቸው ልጆች በንግግር ቀድመው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ዘዴው እየተሻሻለ ኦቲዝም ካለባቸው ሕፃናት ጋር ተሞክሯል። ጥናቶቹ በጥቂት ልጆች ላይ የተደረጉ ቢሆኑም፣ ልጆቹ በመጽሐፉ ላይ ይበልጥ እንደሚቆዩና ለወላጃቸው ይበልጥ እንደሚመልሱ አሳይተዋል።

4. ያዕቆብ የሰጠው ምክንያት

ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ጋር በታረቀ ጊዜ ዔሳው አብረው እንዲጓዙ ጠየቀው። ያዕቆብ ግን ሕፃናቱ ደካሞች እንደሆኑ፣ የሚያጠቡ እንስሳትም እንዳሉት፣ አንድ ቀን እንኳ አጣድፈው ቢነዱአቸው እንደሚያልቁ ነገረው። ስለዚህ ዔሳው ቀድሞ እንዲሄድ፣ እርሱ ግን በመንጋውና በልጆቹ እርምጃ መጠን በዝግታ እንደሚከተል አስታወቀው።

ለትምህርታችን ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ እርምጃውን የሚወስነው ልጁ ነው። ወላጅ መጽሐፉን ለመጨረስ ከቸኮለ ልጁ ከመንገድ ይቀራል። ወላጅ ልጁ ባለበት ከቆመ ግን ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ቀስ ብለውም ይደርሳሉ።

በማርቆስ ምዕራፍ 7 ደግሞ ጌታችን ደንቆሮውንና ኰልታፋውን ሰው እንዴት እንደ ተቀበለው እንመልከት። ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው፤ ጆሮውን በጣቶቹ፣ ምላሱንም በእጁ ዳሰሰ፤ ወደ ሰማይ ተመለከተ። ለማይሰማ ሰው ሊያየውና ሊዳስሰው በሚችለው መንገድ ተናገረው። ብዙ ቃል አላበዛም። እኛም ከዚህ የምንማረው፣ ፍቅር የሰውየውን መግቢያ በር ፈልጎ እንደሚገባ ነው።

5. እንዴት እናንብብ?

ሀ/ ጊዜና ቦታ። በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ይሁን፤ ለምሳሌ ከእራት በኋላ በመደቡ ላይ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይዘጋ። መጀመሪያ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ልጁ በሆዱ መተኛት ወይም ቆሞ መወዛወዝ ከፈለገ እንደዚያው ሆኖ ይይ።

ለ/ ልጁ ይምረጥ። ሁለት መጻሕፍት አቅርቡለት፤ የነካውን ወይም ዐይኑን የጣለበትን ክፈቱ። ገጹንም እርሱ ይገልብጥ። ከመካከል ቢጀምር ወይም አምስት ገጽ ቢዘልል አትከልክሉት።

ሐ/ ዐይኑን ተከተሉ። እናንተ የምታዩትን እንዲያይ አገጩን ይዛችሁ አታዙሩት። እርሱ የሚያየውን እናንተ እዩ። በሥዕሉ ላይ ላም፣ እረኛና ዛፍ ቢኖሩ፣ እርሱም የላሟን ቀንድ ብቻ ቢያይ፣ የዛሬው ትምህርት ቀንድ ነው።

መ/ ጥቂት ቃል ተናገሩ። ገና የማይናገር ልጅ አንድ ቃል ይበቃዋል፤ «ቀንድ»። አንድ ቃል የሚል ልጅ ሁለት ቃል ይስማ፤ «የላም ቀንድ»። የተጻፈውን ዐረፍተ ነገር ሁሉ ማንበብ ግዴታ አይደለም።

ሠ/ ጠብቁ። አንድ ቃል ከተናገራችሁ ወይም አንድ ጥያቄ ከጠየቃችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ለወላጅ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ዝምታውን ለመሙላት እንቸኩላለንና። ነገር ግን ለዚህ ልጅ ቃሉ ገብቶ፣ ተመዝኖ፣ መልሱ እስኪወጣ ረጅም መንገድ አለው። ሁለተኛ ስትጠይቁት መንገዱን እንደ ገና ከመጀመሪያው ያስጀምሩታል።

ረ/ መልሱን ሁሉ ተቀበሉ። መልስ ቃል ብቻ አይደለም። ማየት፣ መንካት፣ ድምፅ ማሰማት፣ ፈገግ ማለት፣ የእናንተን እጅ ወስዶ ሥዕሉ ላይ ማድረግ፣ ሁሉም መልስ ነው። «አዎ፣ ቀንድ ነው!» በሉት፤ ቀጥሎም አንድ ቃል ጨምሩ፤ «ትልቅ ቀንድ»።

ሰ/ ጥያቄ አታብዙ። «ይህ ምንድን ነው? ይህስ?» እያሉ መደርደር ንባቡን ፈተና ያደርገዋል። አንድ ጥያቄ ብትጠይቁ ሦስት ጊዜ እናንተው ስሙን ንገሩት። ድምፅና እንቅስቃሴም ይረዳሉ፤ ለላም «እምቧ»፣ ለመኪና የመሪ መዞር፣ ለቡና መውቀጥ።

ሸ/ መጨረሻውን አስታውቁት። ልጁ ቢደክም ወይም ቢቆጣ ወዲያው አቁሙ። መጽሐፉን ዘግታችሁ ሁልጊዜ በአንድ ቃልና በአንድ ምልክት «አለቀ» በሉ። ነገሩ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ልጅ ነገ ለመጀመር አይፈራም።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ እንጨምር። እንጀራ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጅ አላት። ልጁ አይናገርም፤ የሚያሽከረክረው ነገር ካገኘ ግን ከዚያ አይነሣም። መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፍጥነት ታነብለት ነበር፤ በሁለተኛው ገጽ ላይ ተነሥቶ ይሄዳል። በአንዱ ገጽ ላይ ግን የፈረስ ጋሪ ነበረበት። ጽሑፉን ትታ በዚያ ገጽ ላይ ብቻ እንድትቆይ መከርናት። ልጁ ጎማውን አየ። «ጎማ» አለች፤ በጣቷም ዙሪያውን አሽከረከረች። ቆየች። ልጁ ጣቷን ያዘና መልሶ ጎማው ላይ አደረገው፤ ድገሚ ማለቱ ነበር። «ጎማ ይዞራል» አለች። ለሳምንታት ንባባቸው ይህ ገጽ ብቻ ነበር። ከዚያም አንድ ማታ እርስዋ ምጣድ ላይ ሳለች ልጁ መጽሐፉን አምጥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። እስከ አሁን ቃል አልተናገረም። እናቱ ግን እንዲህ አለችን፤ «ከእኔ አንድ ነገር ፈልጎ መጣ፤ የፈለገው ደግሞ ምግብ አልነበረም።»

6. መጽሐፍ ከሌለስ?

የሕፃናት መጽሐፍ በብዙ ቤት የለም፤ የሚገኘውም ሥዕሉ እጅግ የበዛ ወይም ልጁ አይቶት የማያውቀው ነገር ያለበት ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለ ልጅ ከሁሉ የተሻለው መጽሐፍ ስለ ራሱ ቤት የሚናገረው ነው። አሠራሩም ቀላል ነው።

ከካርቶን እኩል የሆኑ ስድስት ወይም ስምንት ገጾች ቁረጡ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አንድ ሥዕል ብቻ ለጥፉ፤ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ የተቆረጠ፣ በእጅ የተሣለ፣ ወይም በስልክ ተነሥቶ የታተመ ፎቶግራፍ ሊሆን ይችላል። የእርሱ ስኒ፣ የእርሱ ጫማ፣ ጀበናው፣ ድመቷ፣ አያቱ፣ የሚወደው ቆርኪ ይኑሩበት። ከሥዕሉ በታች ስሙን በትልቅ ፊደል ጻፉ። መጽሐፉ እንዳይቀደድና ምራቅ እንዳያበላሸው በፕላስቲክ ሸፍኑ፤ ጫፉን በወስፌ ብሱና በሲባጎ ስፉት። እውነተኛውንም ዕቃ አጠገቡ አኑሩ፤ የስኒ ሥዕል ሲያይ ስኒውን ይዳስስ። ሥዕሉ የዕቃው ምልክት መሆኑ የሚገባው እንዲህ ነው።

በኋላም ይህ መጽሐፍ ለልጁ እንደ አንደበት ሊያገለግለው ይችላል። የውሃን ሥዕል ነክቶ ውሃ የሚጠይቅ ልጅ ካለ ቃል ተናግሯልና፣ ውሃውን ወዲያው ስጡት። ሥዕል መጠቀም ልጁን ከመናገር ያሰንፈዋል ብላችሁ አትፍሩ።

ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ብዙ ጊዜ «ይህ ለተማሩት ነው» ይሉናል። እውነቱ ግን ከላይ ከጻፍናቸው ነገሮች ውስጥ ፊደል መቁጠርን የሚጠይቅ አንድም የለም። ሥዕሉን አይታ በራሷ ቋንቋ የምትናገር እናት በሚገባ እያነበበች ናት። ቤቱ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ ወይም ሲዳምኛ የሚናገር ከሆነ ንባቡም በዚያው ቋንቋ ይሁን። ታላቅ እኅት ወይም አያትም ሊያነብቡለት ይችላሉ።

7. ወላጆች ስለሚጠይቁን ጥቂት ነገሮች

«የተናገርኩትን ብቻ ይደግማል።» «ውሃ ትፈልጋለህ?» ሲባል «ውሃ ትፈልጋለህ» ብሎ የሚመልስ ልጅ አለ። የቀድሞ ሰዎች ይህን ከንቱ መለፍለፍ ያደርጉት ነበር። ባሪ ፕሪዛንት የተባለ የንግግር ሊቅ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባልደረቦቹ ጋር ባደረገው ጥናት ግን መድገሙ ብዙ ጊዜ ትርጉም እንዳለው አሳየ፤ ልጁ «አዎ» ማለቱ፣ ተራውን መጠበቁ ወይም ቃሉን ለራሱ ማጥናቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አትቆጡት። በእርሱ አፍ ሊነገር የሚገባውን ቃል ስጡት፤ «ውሃ እፈልጋለሁ»።

«አንድ መጽሐፍ ብቻ ይፈልጋል።» ይሁንለት። በሚያውቀው መጽሐፍ ውስጥ በየጥቂት ቀኑ አንድ አዲስ ቃል ጨምሩ። ሌላ መጽሐፍ ስታመጡ የድሮውን አታርቁበት፤ አጠገቡ አስቀምጡ።

«ፊደል ያነብባል፤ ትርጉሙን ግን አያውቅም።» አንዳንድ ልጅ የፊደል ገበታውን በአራት ዓመቱ ከሀ እስከ ፐ ይወጣዋል፤ የታሪኩ ፍሬ ግን አይገባውም። ለፊደል ያለው ፍቅር መልካም በር ነው፤ በእርሱ ግቡ። «በግ» የሚለውን ሲያነብብ የበግ ሥዕል፣ ከተቻለም ራሷን በጓን አሳዩት።

«ይቀድዳል፤ ያኝካል።» ካርቶኑን ወፍራም አድርጉት፤ የሚቀድደው አሮጌ ጋዜጣ ለብቻው ስጡት። ማኘክ የሚወድ ልጅ ንጹሕ ጨርቅ በእጁ ይኑረው። በዚህ ምክንያት መጽሐፍ መከልከል ግን አይገባም።

8. ምን እንጠብቅ?

በእውነት መናገር ይገባናል። መጽሐፍ አብሮ ማየት ኦቲዝምን አያስወግድም፤ ወላጅም ይህን ተስፋ አድርጎ እንዳይጀምርና እንዳያዝን እንመክራለን። አንዳንዱ ልጅ ቃል ያገኛል፤ አንዳንዱ በምልክትና በሥዕል ይነጋገራል፤ አንዳንዱ ደግሞ በፀጥታ አጠገብ መቀመጥን ይማራል። ለውጡን በሳምንት ሳይሆን በወራት መለካት ይሻላል። ባለፈው ወር ሁለት ደቂቃ የተቀመጠ ልጅ ዛሬ አራት ደቂቃ ከተቀመጠ ይህ ምስጋና የሚገባው ነው።

ወላጆችም ብቻቸውን እንዳይደክሙ እርዳታ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት የዕድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ጉብኝቶች ያሉት ሲሆን፣ ለአገራችን እንዲስማማ ተዘጋጅቶ በኢትዮጵያም ተሞክሯል። አብሮ መጫወትን፣ የዕለት ሥራን መማሪያ ማድረግንና የልጁን ጠባይ መረዳትን ያስተምራል። በአካባቢያችሁ ካለ የጤና ባለሙያ ስለዚህ ጠይቁ።

9. የቤተ ክርስቲያንና የደጋፊዎች ድርሻ

እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የምትቀረው እምነቷ ቀዝቅዞ አይደለም፤ ልጇ ሲጮኽ ዞር ብሎ የሚያያትን ዐይን ፈርታ ነው። ድምፅ ማጉያው በማይደርስበት አንድ ክፍል ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ጥቂት የካርቶን መጻሕፍት ማስቀመጥና ሁለት ታጋሽ ሰዎችን መመደብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሌሎቹን ልጆቿን ለአሥር ደቂቃ የምትይዝላት ጎረቤት ካገኘች ደግሞ ማታ ለማንበብ ጊዜ ታገኛለች። ይህ ለኑሮዋ ትንሽ እርዳታ አይደለም።

እናንተም በሩቅ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ የምትልኩት ስጦታ ካርቶንና የፎቶግራፍ ማተሚያ ወረቀት ይሆናል፤ ሩቅ መንገድ ለሚመጡ ወላጆችም የመኪና ሒሳብ ይሆናል። ከዚህም በላይ ግን በጸሎታችሁ እነዚህን ቤቶች በስም ሳታውቁአቸው አስቡአቸው፤ በምሽት በመብራት ሥር አንድ ገጽ ከፍተው ልጃቸው እስኪመልስ በልባቸው የሚቆጥሩትን አስቡአቸው።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ያዕቆብ ከዔሳው ጋር ለመጓዝ ያልፈቀደበት ምክንያት ምን ነበር? በቤታችን ውስጥ ያለ እርምጃው እያጣደፍነው ያለ ልጅ አለ?

2. ጌታችን ደንቆሮውን ሰው ከሕዝቡ ለይቶ መውሰዱ ለጉባኤያችን ሥርዓት ምን ያስተምረናል?

3. በአካባቢያችን ኦቲዝም ስላለባቸው ልጆች ምን ይባላል? ከሚባለው ውስጥ በዮሐንስ 9 ብርሃን ሊታረም የሚገባው የትኛው ነው?

4. በዚህ ሳምንት ከልጃችን ወይም ከጎረቤታችን ልጅ ጋር አንድ ሥዕል አብረን እንይ። ከጠየቅን በኋላ እስከ አሥር መጠበቅ ቀላል ነበር? ልጁስ ምን መለሰ?

የጸሎት ርእሶች

ራሳቸውን ስለሚከስሱ እናቶችና አባቶች፤ ሥራ በዝቶባቸው ስለሚደክሙ የጤናና የልዩ ፍላጎት አስተማሪዎች፤ ገና ከጓዳ ስላልወጡ ልጆች፤ ለጉባኤዎቻችንም በልጆች እርምጃ የሚሄድ ትዕግሥት እንዲሰጠን።

የጌታችን ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።